ልቤ የመታው ስለፈራሁ ነው ወይስ የፈራሁት ልቤ ስለመታ?

ፍሬሽማኗ — ማክሰኞ፣ ማታ 3:40

ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዓርብ የአጠቃላይ ሳይኮሎጂ ሚድ አለብን። የምጠይቀው ግን ለፈተናው ብቻ አይደለም።

ትናንት የግሩፕ ፕሬዘንቴሽን ነበረን። ስድስት ነን፣ ለእኔ የደረሰኝ «ስሜት» የሚለው ክፍል ነው። ቁርስ አልበላሁም። ዶርም ውስጥ ቡና ተፈልቶ ስለነበር እሱን ጠጥቼ ወጣሁ። ማታውን በደንብ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ተራዬ ሲደርስም አልፈራሁም። እውነቴን ነው፣ ምንም አልመሰለኝም። ወጣሁ፣ ወረቀቴን ያዝኩ፣ «እንደምን አደራችሁ» አልኩ። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ኮሽ ኮሽ ኮሽ። ወረቀቱ ነው። እጄ ላይ ያለው ወረቀት ይንቀጠቀጣል። ፊት ወንበር ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እጄን አየችው። የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ጉልበቴም ድምፄም ተከተለ።

ጓደኞቼ «ፈርተሽ ነው የተንቀጠቀጥሽው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ተንቀጥቅጬ ነው የፈራሁት እላለሁ። ሳቁብኝ። ሞጁሉን ስከፍተው ዊልያም ጄምስ የሚባል ሰውዬ ልክ እኔ ያልኩትን ብሎ አገኘሁት! ግን ከሥሩ ሌሎች ተደርድረው ይቃወሙታል። በእንግሊዝኛ ሸምድጄዋለሁ፣ አልገባኝም። በአማርኛ የሚያስረዳኝ አለ?

ዋዘኛው — 3:52

ቡና ቀንሺ።

ጥቁር ሰሌዳ — 4:30

ልጄ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። ይህን ትምህርት ብዙ ዓመት አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ፣ ፈተናው ላይ እንዳትሳሳቺ።)

ጄምስ በ1884 «ስሜት ምንድን ነው?» የሚል ጽሑፍ አወጣ። በዓመቱ ካርል ላንገ የሚባል የዴንማርክ ሐኪም ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ መጣ። ለዚህ ነው የሁለቱን ስም አጣምረው የሚጠሩት። የጄምስ ምሳሌ ድብ ነው። እኛ ድብ ስለማናውቅ ጅብ እንበለው። ጅብ ስናይ ፈርተን የምንሮጥ ይመስለናል። እሱ ግን ገለበጠው። ጅቡን እናያለን፣ ልብ ይመታል፣ እግር ይሮጣል። ይህ በሰውነታችን ሲሆን የሚሰማን ነገር፣ ፍርሃት የምንለው እሱ ነው። የልቡን ምት፣ ትንፋሹን፣ ላቡን አንድ በአንድ ብታነሺለት፣ ፍርሃት ተብሎ የሚቀር ነገር የለም ይላል።

አማርኛ ራሱ የጄምስ ወገን ነው። አዘንኩ ለማለት ሆዴ ባባ እንላለን። ስንራራ አንጀታችንን ይበላናል። ስንናደድ ቆሽታችን ያርራል፣ ደማችን ይፈላል። ተስፋ ያደረግነው ነገር ሲቀር ወሽመጣችን ይቆረጣል። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹን በየቤታቸው የሚባለውን አስጠራቸው ነበር። ሰሌዳው እስኪሞላ ይጠሩልኛል። ከዚያ ሁሉ መሀል «ስሜት» የሚል ቃል የሚጠራልኝ አንድም አላጋጠመኝም።

ተቃዋሚው ዋልተር ካነን ነው፣ በ1927። ካነን የሰውነት አሠራር አጥኚ ነበር፣ ሐኪምም ነው። የሆድ ዕቃ ለውጥ ዘገምተኛ ነው፣ ስሜት ግን ቅጽበታዊ ነው አለ። ደግሞስ ብትናደጂም፣ ብትፈሪም፣ ትኩሳት ቢይዝሽም ልብሽ ይመታል። ታዲያ ሰውነት የትኛው እንደሆነ በምን ይነግርሻል? ድመቶችንም አየ። የሰውነትን የድንገተኛ ጊዜ ነርቭ በቀዶ ጥገና አወጣላቸው። ውሻ ሲጮህባቸው ግን እንደ ወትሮው ጥርሳቸውን አሳዩ፣ ጆሮአቸውን ወደ ኋላ አጠፉ፣ ተቆጡ። ጸጉራቸው ብቻ አልቆመም። ስለዚህ ሰውነቱም ስሜቱም አንድ ላይ ከአንጎል ይነሣሉ አለ። ተማሪው ባርድ ስላጠናከረለት ካነን–ባርድ ይባላል።

ሦስተኛውን ነገ። ዓይኔ ደከመ።

የማታ ነርስ — ረቡዕ፣ ሌሊት 8:15

ተረኛ ነኝ፣ ዛሬ ደግሞ ዋርዱ ጸጥ ብሏል። መምህር ከአንገት በላይ ያለውን ነገሩሽ፣ እኔ ከአንገት በታች ያለውን ልጨምር።

ኩላሊት አናት ላይ እንደ ቆብ የተደፉ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። አንጎል «አደጋ» ካለ በነርቭ ትእዛዝ ይደርሳቸውና አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይዞራል፣ አፍ ይደርቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ካነን «ተዋጋ ወይም ሽሽ» ያለው ይህን ነው። ኮርቲሶል ደግሞ ቀስ ብሎ ከኋላ ይመጣል፣ ቶሎም አይሄድም። ክፉ ሆርሞን አይደለም፣ ያለሱ አንኖርም። ክፋቱ ሳይወርድ የከረመ እንደሆነ ነው።

መምህር ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቆሽት አያርርም። ቆሽት ኢንሱሊን የሚያመርት ዕጢ ነው። ለንዴት ጊዜ የለውም። 😂

አንድ የምር ነገር። «ልቤ ይመታል» ብሎ የመጣን ሰው ሁሉ «ጭንቀት ነው» ብሎ መመለስ ልክ አይደለም። መጀመሪያ ይመርመር። ጭንቀት መሆኑ የሚታወቀው ሌላው ከታየ በኋላ ነው።

ባለ ሚኒባስ — ረቡዕ፣ ጠዋት 2:05

ተራ እየጠበቅኩ ነው ያነበብኩት። እኔ ሾፌር ነኝ፣ ሳይኮሎጂ አላውቅም። ግን አንድ ነገር ገጥሞኛል።

በቀደም ወደ ሳሪስ ስሄድ አንድ ሕፃን ኳስ ተከትሎ ዘው አለብኝ። ፍሬን ያዝኩ። እንዴት እንደያዝኩ አላውቅም፣ እግሬ ነው የያዘው። መኪናዋ ከልጁ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመች። ወረድኩ፣ ልጁን ዳሰስኩት፣ ደህና ነው። ኳሱን ሰጠሁት፣ እናቱን ተቆጣኋት፣ ተመልሼ ገባሁ። ረዳቴ «ሂሳብ» እያለ ነው። ሳሪስ ደረስኩ። በመሀል ምንም አልተሰማኝም። ተሳፋሪው ከወረደ በኋላ ሻይ አዘዝኩ። ብርጭቆውን ማንሣት አቃተኝ! ሻዩ ሱሪዬ ላይ ተደፋ።

እንግዲህ ልጁ ደህና፣ እኔ ደህና፣ ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው እጄ የተንቀጠቀጠው። ይሄስ ምንድነው?

ፍሬሽማኗ — 6:20

ጋሼ፣ ሲስተር፣ በጣም ነው የማመሰግነው። የድመቷ ነገር አይረሳኝም። ዋዘኛው፣ አንተ ለቀልድ ያልከው አሳሰበኝ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱንም ነው የጠጣሁት። ያውም በባዶ ሆዴ።

ጥቁር ሰሌዳ — ረቡዕ፣ ማታ 1:10

በይ እንግዲህ፣ ዋዘኛው ሳያውቀው ሦስተኛውን ቲዎሪ ነግሮሻል።

1962። ስታንሊ ሻክተርና ጀሮም ሲንገር። ተማሪዎችን ጠርተው «ሱፕሮክሲን የሚባል ቪታሚን ለዓይን ያለውን ጥቅም እያየን ነው» ብለው መርፌ ወጓቸው። መርፌው አድሬናሊን ነበር። ለአንዱ ቡድን እውነቱን ነገሩት፣ ልብህ ይመታል፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል ብለው። ሌላው አልተነገረውም። ከዚያ እያንዳንዱን ከአንድ ሰው ጋር አስቀመጡት። ሰውዬው የራሳቸው ተዋናይ ነው። አንዱ ጋ ወረቀት እየጠቀለለ ቅርጫት ውስጥ ይወረውራል፣ ይፈነጥዛል። ሌላው ጋ በተሰጠው መጠይቅ ተናዶ ይቀደዋል። ያልተነገራቸው ልባቸው ሲመታ ምክንያት ፈለጉለት፣ ከአጠገባቸው ካለው ሰውም ወሰዱ። የተነገራቸው «መርፌው ነው» ብለው አለፉት።

እንደሚወራለት የጠራ ውጤት አልነበረም። በ1979 መልሰው የሞከሩት ሌሎች አጥኚዎችም ያንኑ ውጤት አላገኙም። ለፈተናው ግን ስማቸውን ጻፊ።

ወደ አንቺ ልመለስ። እጅሽን ቡናው አንቀጠቀጠው እንበል። ወረቀቱ ኮሽ አለ። የልጅቷ ዓይን ደግሞ ስም ሰጠው። ያው እጅ፣ ያው ልብ፣ እህትሽን ልትድሪ ስትሮጪ ቢሆን ኖሮ ደስታ ትይው ነበር።

ከቫንኩቨር — ሐሙስ፣ ሌሊት 7:45

መምህር፣ ይህን ካነሡማ እኔ የቫንኩቨር ሰው ነኝ፣ ካፒላኖ የሚባለውን ተንጠልጣይ ድልድይ ሄጄበታለሁ። ገደሉ 70 ሜትር ግድም ነው፣ ድልድዩ ሲረግጡት ይወዛወዛል። በ1974 ደተንና አሮን የሚባሉ አጥኚዎች እዚያ ላይ ቆንጆ ሴት አቆሙ። ለሚሻገሩት ወንዶች መጠይቅ ታስሞላና «ስለ ጥናቱ ማወቅ ከፈለግህ ደውል» ብላ ስልኳን ትሰጣለች። ስልኩን ከወሰዱት 18 ሰዎች 9ኙ ደወሉ። ዝቅ ያለውና የማይነቃነቀው ድልድይ ላይ ከወሰዱት 16 ግን የደወሉት 2 ብቻ። ልብ የመታው ለገደሉ ነው፣ ምስጋናው ለልጅቷ ሄደ።

ባለቤቴ ድልድዩ ላይ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛኝ ነበር። ፓርኪንግ ስንደርስ ለቀቀችኝ። ጥናቱ እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ዋዘኛው — 3:00 ጠዋት

እንጦጦ ፓርክ ዚፕላይኑ ስንት ነው የሚከፈለው? ለጓደኛዬ ነው።

ጅዳ ያለሁት — ሐሙስ፣ ከሰዓት 9:30

ከአረብ አገር ነኝ። ስለ ፈተናና ስለ ድልድይ ስታወሩ ሳቅኩ፣ ግን አንድ የሚከነክነኝ ነገር ስላለ ልጠይቅ።

በፊት የነበርኩበት ቤት ሥራው ቀላል ነበር። ሁለት ሰው ብቻ። ግን ማዳም ደወል ነበራት፣ ትንሽዬ፣ የምትጫን። ሌሊትም ቀንም መቼ እንደምትጫነው አላውቅም። አንዳንዴ ውሃ አምጪ፣ አንዳንዴ እንዲሁ። ስልኬም እሷ ጋ ነው። ለሰባት ወር እንቅልፍ አልተኛሁም። ደወሉ ሳይጮህ ይጮህብኝ ነበር። ጨጓራዬ ተላጠ፣ ጸጉሬ ረገፈ። አሁን ያለሁበት ቤት ስድስት ልጅ አለ። ሥራው ወገብ ይቆርጣል። ግን ማታ 4 ሰዓት ካለ አለቀ፣ በሬን እዘጋለሁ፣ ስልኬ እጄ ላይ ነው፣ እናቴን አያታለሁ። እንደ ድንጋይ ነው የምተኛው። ሥራው በዝቶ እንዴት ውጥረቱ ቀነሰ?

ጥቁር ሰሌዳ — 11:50

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ከዚያ ቤት ወጣሽ። የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ውጥረት የሚባለውን ነገር በሳይንስ ያስጀመረው ሃንስ ሰልዬ ነው። ሞንትሪያል ውስጥ አይጦች ላይ የተለያየ ነገር ሲሞክር፣ የሚወጋቸው ምንም ይሁን ምን አንድ ዓይነት ነገር ያገኝባቸው ነበር። ሲስተር የነገረችን ዕጢ ያብጣል፣ ታይመስ የሚባለው ሌላው ዕጢ ይኮማተራል፣ ጨጓራቸው ይቆስላል። በ1936 አሳተመው። ሰውነት መጀመሪያ ይነቃል፣ ቀጥሎ ይቋቋማል፣ ካልተለቀቀ ይዝላል አለ። ለእሱ ዋናው የሸክሙ ብዛት ነበር። ያንቺን ጥያቄ ሰልዬ አይመልስልሽም። አንቺ ሸክሙ ጨምሮ ነው የዳንሽው።

የመለሰው ጄይ ዋይስ ነው፣ በ1970 አካባቢ። አይጦቹ ጅራታቸው ላይ እኩል ኤሌክትሪክ ይደርሳቸዋል። ልዩነቱ አንዷ ከመምጣቱ በፊት ድምፅ ትሰማለች፣ ሌላዋ መቼ እንደሚመጣ አታውቅም። በሌላ ሙከራ ደግሞ አንዷ መዘውር አዙራ ታስቆመዋለች፣ ሌላዋ ምንም ማድረግ አትችልም። ሕመሙ አንድ ነው። የማታውቀዋና የማትችለዋ ግን ጨጓራዋ በጣም ቆሰለ። ያንቺ ደወል ይኼ ነው። ሕመሙ ውሃ ማምጣቱ አይደለም፣ መቼ እንደሚመጣ አለማወቁ ነው። አሁን ሰዓት አለሽ፣ በር አለሽ፣ ስልክ አለሽ።

ሪቻርድ ላዛረስ ይህን ወደ ሰው አምጥቶ፣ አእምሮ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል አለ። ይህ ነገር ያሰጋኛል ወይ? ካሰጋኝስ ምን ማድረግ እችላለሁ? ውጥረት የሚበረታው የሁለተኛው መልስ «ምንም» ሲሆን ነው።

እንቅልፍ ያጣሽበት ሰባት ወር የድክመት እንዳይመስልሽ። ሴሊግማንና ማየር በ1967 ማምለጥ የማይችሉ ውሾች ተስፋ መቁረጥን ይማራሉ ብለው ነበር። በ2016 ራሳቸው ገለበጡት። ዝም ብሎ መቀበል የአንጎል የመጀመሪያ ምላሽ ነው፣ የሚማረው «መቆጣጠር እችላለሁ» የሚለውን ነው አሉ። አንቺ አሁን እየተማርሽው ነው።

የማታ ነርስ — ሐሙስ፣ ማታ 2:20

እህቴ፣ የመምህርን ሁሉ እቀበላለሁ፣ ግን ስለ ጨጓራሽ ዝም አልልም። አገራችን ውስጥ ጨጓራ ያመመው ሁሉ «ብስጭት ነው» ይላል፣ ሐኪም ጋ አይሄድም። ባሪ ማርሻል የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም በ1984 ኤች ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ በብርጭቆ ጠጥቶ ራሱን አሳመመ። የጨጓራ ቁስልን በአብዛኛው የሚያመጣው ይህ ባክቴሪያ ነው ሲል ማንም አላመነውም ነበር። በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ወሰደ። በመድኃኒት የሚድን ነገር ነው። ተመርመሪ። ማዳም ሁሉንም ኃጢአት አትሸከምም።

ጥቁር ሰሌዳ — 2:41

ሲስተር ልክ ናት። የአይጦቹ ጨጓራ በውጥረት ቆሰለ ማለት የሰው ሁሉ ጨጓራ በውጥረት ይቆስላል ማለት አይደለም። ባክቴሪያውም ውጥረቱም አንድ ሆድ ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ። ተመርመሪ።

ጅዳ ያለሁት — 2:58

እሺ፣ ዓርብ ዕረፍቴ ነው፣ እሄዳለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

የሦስት ልጆች አባት — ሐሙስ፣ ማታ 3:30

እኛ በኩርኩምና በአለንጋ ነው የተማርነው፣ ሞቲቬሽን ምናምን አናውቅም። ግን ልጄን መግረፍ አልፈለግኩም። የሁለተኛዋ ልጄ ማንበብ ትወድ ነበር። እኔ ደግሞ ላበረታታት ብዬ በመጽሐፍ 20 ብር አልኳት። መጀመሪያ ሳምንት አራት ጨረሰች። ሁለተኛው ሳምንት ሳያት ቀጫጭኑን እየመረጠች ነው። ሥዕል የሚበዛበትን። ከዚያ ኑሮ ተወደደና ብሩን አቆምኩ። እሷም ንባቡን አቆመች። ድሮ በነፃ የምታነበውን! ጥፋቱ የማን ነው?

ጥቁር ሰሌዳ — 3:55

ጥፋቱ የብሩ ነው፣ አንተማ ለፍቅር ነው ያደረግከው። በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒዝቤት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ በቀለም እስክሪብቶ መሳል የሚወዱ ልጆችን አዩ። ለአንዱ ቡድን «ብትስሉ ሽልማት አለ» አሉ፣ የወርቅ ኮከብና ሪባን ያለበት ወረቀት። ሌላው ሳይጠብቅ ተሸለመ። ሌላው ምንም አልተሰጠውም። ከሳምንት በኋላ በነፃ ሰዓታቸው ሲያዩአቸው ቀድሞ ቃል የተገባላቸው ከሌሎቹ በግማሽ ያህል ነው የሳሉት። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ምንም አልሆኑም። ሥዕሉ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ሥራ ሆነ። ሥራ ደግሞ ደመወዙ ሲቆም ይቆማል።

እስካሁን የማትወደውን ነገር ብትከፍላት ብዙ አትጎዳም፣ የሚጠፋ ፍቅር የለማ። የምትወደውን ግን ተዋት። አጠገቧ ቁጭ ብለህ የራስህን መጽሐፍ አንብብ።

የሦስት ልጆች አባት — 4:02

እኔ የማነብበው የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያ ነው። እሺ፣ እሞክራለሁ።

የሪሜዲያል ልጅ — ሐሙስ፣ ማታ 4:40

ፍሬሽማኗ፣ ነገ ስትገቢ ትንሽ መፍራትሽ አይክፋሽ። እኔ 12ኛ ክፍልን የተፈተንኩት ዩኒቨርሲቲ ገብተን መፈተን በተጀመረበት ዓመት ነው፣ 50 በመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ በሆነበት። ለሒሳቡ የተኛሁት ሁለት ሰዓት ነው። ወረቀቱን ስገልጠው ቁጥሮቹ ይታዩኛል፣ ትርጉማቸው የለም። ስሜን ሁለት ጊዜ ነው የጻፍኩት። በኋላ ክፍል ውስጥ የርክስና ዶድሰን የሚባሉትን ስንማር ገባኝ። በ1908 አይጦችን እያስተማሩ ሲሳሳቱ ኤሌክትሪክ ያስነኳቸው ነበር። ትምህርቱ ቀላል ሲሆን ኤሌክትሪኩ በበረታ ቁጥር ቶሎ ተማሩ። ከባድ ሲሆን ግን መካከለኛው ነው የሠራው፣ ሲበረታ ተደናበሩ። ስም መጻፍ ቀላል ነው፣ በፍርሃትም ይጻፋል። ሒሳብ አይሆንም። ተኚ።

ፍሬሽማኗ — ቅዳሜ፣ ጠዋት 4:10

ተኛሁ፣ አቦል ብቻ ጠጥቼ በዳቦ ገባሁ። ካነን መጣ፣ ድመቷን ጻፍኩ። የሻክተር መርፌም መጣ፣ ስሙን ሱፕሮክሲን ማለት ትቼ «የውሸት ቪታሚን» አልኩት፣ ይያዝልኝ አይያዝልኝ እንጃ። የሰውን ፍላጎት በደረጃ የከፈለው ማስሎው ላይ ግን አምስቱን ደረጃ ጽፌ ፒራሚድ ሣልኩና ጊዜዬን ጨረስኩ።

ጥቁር ሰሌዳ — 4:25

ፒራሚዱን እሱ አልሣለውም፣ ሌሎች ናቸው በኋላ የሣሉለት። አስተማሪሽ ግን ነጥብ አይቀንስም። 😊

ባለ ሚኒባስ — ቅዳሜ፣ 5:00

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። እኔ ግን ከረቡዕ ጀምሮ እየጠበቅኩ ነው፣ የእኔን ማንም አልመለሰልኝም። እጄ ለምን በኋላ ተንቀጠቀጠ?

የማታ ነርስ — 5:35

ውይ፣ ወንድሜ ይቅርታ። አድሬናሊኑ ልጁ ስለዳነ ወዲያው አይጠፋም፣ ደቂቃዎች ይወስድበታል። ጡንቻህ ለሩጫ ተዘጋጅቶ ሳይሮጥ ቀረ። ስትነዳም ሐሳብህ መንገዱ ላይ ነው፣ እጅህን የሚያይ የለም። መሪ የያዘ እጅ መንቀጥቀጡም አይታወቅም። ደግሞ ልጠይቅህ፣ ሻዩ እስኪመጣ ቁጭ ስትል ነገሩን መልሰህ አላየኸውም? አንጎል ለትዝታውም ያንኑ ትእዛዝ ነው የሚልከው።

ባለ ሚኒባስ — 5:41

አየሁት ሲስተር። ልጁን አይደለም ያየሁት ግን። ኳሷን ነው። ቀይ ናት፣ ጎማው ሥር ቀስ እያለች ስትገባ።